ሃርድ ዲስክን በቁሙ አትቅበሩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ (ፋይል በቺፕ ላይ ስለሚያስቀምጠው፣ ኪስ ስለሚገባው ዲስክ) የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን ጸሐፊው «ሃርድ ዲስክ አልቆለታል፣ ያላችሁን ሸጣችሁ ኤስኤስዲ ግዙ» ብሎ ሲጨርስ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት እየቀረጽኩ የምኖር ሰው ነኝ። ውሎዬም አዳሬም ከነዚህ ዲስኮች ጋር ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልበል። ከረዘመ መቀሱ እናንተ ዘንድ ነው።

የምንስማማበትን ላስቀድም። ኤስኤስዲ ፈጣን ነው፣ ምንም ጥያቄ የለውም። ኪስ የሚገባው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። አብዛኛው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ ከላዩ የምታነብና የምትጽፍ ጫፍ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ይህ ሁሉ ግርግር ተደርጎ በሰከንድ ከ100 እስከ 140 ሜጋባይት ቢሰጥ ነው። ኤስኤስዲ ግን ቺፕ ብቻ ነው፤ የሚዞር ነገር የለውም። ሳምሰንግ ቲ7 በ2020 እ.ኤ.አ. ገበያ ሲገባ በሰከንድ እስከ 1,050 ሜጋባይት ያነባል ተብሎ ነው። ወደ ሥራችን ሲመነዘር፣ አንድ ሠርግ 200 ጊጋ ቢወጣው ከኮምፒውተር ወደ ሃርድ ዲስክ ለማዛወር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በኤስኤስዲው ሁሉም ነገር ከተመቻቸለት አራት ደቂቃ አይሞላም። «ከተመቻቸለት» ያልኩትን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከኮፒው ይልቅ እኔን የማረከኝ ኤዲቲንጉ ነው። በሦስት ካሜራ የተቀረጸ 4ኬ ቪዲዮ ደርድሮ በቀጥታ ከሃርድ ዲስክ ላይ ልሥራ ያለ ሰው፣ ሙሽራዋ አንድ እግሯን አንስታ ሌላውን እስክታስከትል ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ኤስኤስዲ ላይ ይህ ጣጣ የለም። ፕሮጀክቱን እዚያው ዲስኩ ላይ ከፍቶ፣ ቆርጦ፣ ቀለሙን አስተካክሎ፣ ነቅሎ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መሄድ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ 256 ጊጋ ብቻ ላለው ባለሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት ያድነዋል።

እንግዲህ ወደ «ከተመቻቸለት» ልምጣ። ብዙ ሰው ገንዘቡን ውሃ የሚበላበት እዚህ ላይ ነው።

ዲስኩ የሚሮጠው የተሰካበት ቀዳዳ በፈቀደለት ልክ ነው። የቆየው ዩኤስቢ 2 በወረቀት በሰከንድ 480 ሜጋቢት (60 ሜጋባይት) ይባላል፤ በተግባር በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት ካለፈ ተአምር ነው። እዚያ ላይ የተሰካ ኤስኤስዲ ስሙ ብቻ ነው ኤስኤስዲ። ያው 200 ጊጋ አንድ ሰዓት ተኩል ያስጠብቃል። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ የሚመጣው ዩኤስቢ 3 እስከ 400 አካባቢ ያደርሳል። ሺውን ለማየት ባለ 10 ጊጋቢት ቀዳዳ ያስፈልጋል። ሣጥናቸው ላይ 2,000 የተጻፈባቸው ደግሞ ባለ 20 ይፈልጋሉ፤ እሱ ደግሞ አብዛኛው ሰው ላፕቶፕ ላይ የለም። ስለዚህ ለአሮጌ ላፕቶፕ ባለ 2,000 ዲስክ የሚገዛ ሰው ለሻጩ ስጦታ እየሰጠ ነው።

ገመዱም እንደዚያው። አንድ ደንበኛዬ አዲስ ኤስኤስዲ ይዞ እየተንጨረጨረ መጣ። «ሸወዱኝ፣ ከድሮው ፍላሽ አይሻልም» አለኝ። ዲስኩን ሳይሆን ገመዱን አየሁት። ረጅምና ነጭ፣ የስልኩ ቻርጀር ገመድ ነው። ታይፕ ሲ ሁሉ ጫፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰው አይጠረጥርም፤ ግን ብዙው የቻርጀር ገመድ ውስጡ የዩኤስቢ 2 ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ከዲስኩ ጋር በሣጥን የመጣችውን አጭሯን ገመድ የት እንዳደረጋት ጠየቅኩት። ልጆቹ መጫወቻ አድርገዋታል። የኔን ሰካሁለት፤ ዲስኩ በረረ። ሰውዬው ሻጩን ሲራገም የነበረውን ወደ ልጆቹ አዞረው።

ለኛ ለቀራጮች ደግሞ ሌላ ማነቆ አለ፤ ጽሑፋችሁ አላነሳውም። ካሜራ ውስጥ ያለው ሜሞሪ ካርድ፣ ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ዩኤችኤስ ዋን የሚባለው፣ ቢበዛ በሰከንድ 100 ገደማ ነው የሚሰጠው። ከካርድ ወደ ዲስክ ስትገለብጡ ካርዱ 90 እየሰጠ ዲስኩ 1,000 ልቀበል ቢል ምን ዋጋ አለው? ሃርድ ዲስክም ኤስኤስዲም እኩል ይደርሳሉ። ለጥቃቅን ፎቶዎችም የሣጥኑን ቁጥር አትመኑ። አሥር ሺህ ፎቶ ከአንድ ትልቅ ቪዲዮ በጣም ይዘገያል፤ ሃርድ ዲስኩ ላይማ ጭራሽ ያዛጋል።

ርካሾቹ ኤስኤስዲዎች ላይ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። መጀመሪያ የሚጽፉት ፈጣን በሆነች ትንሽ ቦታ ላይ ነው። እሷ እስክትሞላ እንደ ጥይት ይሄዳሉ፣ ስትሞላ ፍጥነታቸው ይወርዳል። በተለይ ኪውኤልሲ በሚባለው ቺፕ የተሠሩት ከሃርድ ዲስክ በታች ሊወርዱ ይችላሉ። የአምስት ጊጋ ፊልም ለሚጭን ሰው ይህ አይታየውም። 300 ጊጋ በአንዴ ለሚገለብጥ ሰው ግን ልብ ያደርቃል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፤ እዚህ ላይ እኔም ከጸሐፊው በላይ የኤስኤስዲ ጠበቃ እሆናለሁ። የሃርድ ዲስክን የአምራች ወረቀት አንብቡት። ብዙዎቹ እየሠሩ ሊቆዩ የሚችሉት እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ያቺ አንባቢ ጫፍ ሳህኑን አትነካውም፤ ሳህኑ ሲዞር በሚፈጠረው የአየር ትራስ ላይ፣ በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ በሚቆጠር ክፍተት ተንሳፋ ነው የምትሠራው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል፣ ጫፏ ወደ ሳህኑ ትጠጋለች። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ለጥቂት አለፍን። ጣርማ በር ላይ ወይም መሐል ሜዳ ስትደርሱ ግን መስመሩን ተሻግራችኋል። የመንዝ ጓሳማ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። እዚያ ሃርድ ዲስክ አይሠራም እያልኩ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ግን ከተበላሸ ፋብሪካው «እኔ ከዚያ በላይ ውጡ አላልኩም» ብሎ እጁን ታጥቧል።

ሙቀቱንም እዩት። የብዙ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ የሥራ ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ 5 ዲግሪ ማግኘት ራሱ መታደል ነው። ከዚያ መኪና ይዞ ጣርማ በርን ተሻግሮ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ነው፤ 1,300 ሜትር አካባቢ፣ ቆላ። መኪና ውስጥ ለፀሐይ የተተወ ዕቃ 35ን ወዲያው ነው የሚያልፈው። እንግዲህ በአንድ ቀን መንገድ፣ ከአንድ ዞን ሳይወጣ፣ የሃርድ ዲስኩን ወረቀት ከላይም ከታችም መጣስ ይቻላል። ኤስኤስዲ ሳህንም ትራስም ስለሌለው ከፍታው ግድ አይሰጠውም፤ ቲ7 ለምሳሌ ከ0 እስከ 60 ዲግሪ ተፈቅዶለታል። ብቻ ከብርድ ወጥቶ ሞቅ ያለ ቤት የገባ ዲስክ፣ የትኛውም ይሁን፣ ላብ ቢጤ ይይዘዋል። ቶሎ አትሰኩት። ቡና እስኪፈላ ይቀመጥ።

መንገዱንም የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠፍቶ የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ መንገጫገጭ ይችላል፤ እየዞረ ሳለ ከጠረጴዛ ከወደቀ ግን አበቃ። ኤስኤስዲ ወድቆ ስታነሱት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ጄኔሬተር በሚንደቀደቅበት ዳስ ውስጥ፣ ሰው እየተጋፋ፣ አንዱ ገመዱን በእግሩ እየጠለፈ ለሚሠራ ሰው ይህ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ብለህ ሃርድ ዲስክን ለምን አትቅበሩት ትላለህ ትሉኝ ይሆናል። መንዝ ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ማታ እንግዳው ሲቀንስ ካርዶቹን እየገለበጥኩ ነበር። የሙሽራው አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ተቀመጡና ኤስኤስዲውን አንስተው በመዳፋቸው መዘኑት።

«ልጄ፣ ያን ሁሉ ድግስ እዚች ውስጥ ከተትከው?»

«አዎ አባቴ።»

«ብትሞትስ?»

«ብትጠፋስ» አላሉም፣ «ብትሞትስ» ነው ያሉት። ጥያቄው ልክ ነው፤ ምክንያቱም ኤስኤስዲ ሲሞት ድንገት ነው የሚሞተው። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ሳይሞት ያቃስታል። ይንቋቋል፣ ይዘገያል፣ አንዳንድ ፋይል አልከፍትም ይላል፤ ጆሮ ያለው ሰው ቶሎ ይገለብጣል። ከሞተም በኋላ አዲስ አበባ ወስዶ በከፊል የሚያስነሳለት ባለሙያ የማግኘት ዕድል አለ። ኤስኤስዲ ግን ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ኮምፒውተሩ አላውቀውም ይላል፤ ከዚያ ማውጣት በጣም ከባድና በጣም ውድ ነው። በስሕተት የጠፋ ፋይልም እንደዚሁ። ከሃርድ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፎቶ ካልተጻፈበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ኤስኤስዲው ግን ትሪም የሚባለው አሠራር በርቶ ከሆነ የተሰረዘውን ራሱ ጠርጎ ያጸዳዋል፤ ድራሹን ነው የሚያጠፋው።

ትልቅ ስም ያለው ዕቃ ከዚህ ያድናል እንዳትሉኝ። በ2023 እ.ኤ.አ. የሳንዲስክ ኤክስትሪም እና ኤክስትሪም ፕሮ ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲዎች በድንገት ከኮምፒውተር እየተለያዩ ፋይል እያጠፉ ነው ብሎ ብዙ ሰው አማረረ። ከነዚያ ውስጥ የኛ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ቪዲዮ ቀራጮች ይገኙበታል። የዚያን ጊዜ እናት ኩባንያው ዌስተርን ዲጂታል ለአንዳንዶቹ የፈርምዌር (የዲስኩ የውስጥ ፕሮግራም) ማስተካከያ አወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤትም ተከሰሰ። ዕቃው መጥፎ ነው አትግዙ ማለቴ አይደለም። አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ የሚያድር ሰው የማንንም ስም ተማምኖ አይተኛ ነው የምለው።

ሌላው የማስቀመጥ ነገር ነው። ኤስኤስዲ መረጃውን የሚይዘው ቺፑ ውስጥ በታሰረ ኤሌክትሪክ ነው። ሳይሰካ ቁም ሣጥን ውስጥ ብዙ ከቆየ ያ ኤሌክትሪክ ቀስ እያለ ያመልጣል። ኢንዱስትሪው ያወጣው መመዘኛ፣ የመጻፍ ዕድሜውን የጨረሰ የተጠቃሚ ኤስኤስዲ በ30 ዲግሪ ሳይሰካ ቢያንስ አንድ ዓመት መረጃውን ይያዝ ነው የሚለው። አዲስ ከሆነ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይቆያል፣ ቦታው ቀዝቃዛ ከሆነም እንዲሁ፤ ለዚህ እንኳ የደብረ ብርሃን ብርድ ጠቀመን። ቆላ ያላችሁ ግን የልጃችሁን የክርስትና ቪዲዮ ኤስኤስዲ ላይ አድርጋችሁ ሣጥን ውስጥ አትርሱት። ሃርድ ዲስክ በማግኔት ስለሚይዝ ተኝቶ በመቆየት ከኤስኤስዲ ይሻላል። እሱም ቢሆን አልፎ አልፎ ተሰክቶ መታየት አለበት፣ መካኒኩ ሊጨናነቅ ይችላል።

ዋጋው ደግሞ አለ። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በቴራ (በሺህ ጊጋ) ሲሰላ ኤስኤስዲው ከሃርድ ዲስኩ እጥፍም ከዚያም በላይ ነው። እኔ የደንበኞቼን ሥራ ለዓመታት አስቀምጣለሁ፤ ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ መጥቶ «ያቺ የናቴ ምስል አለች?» ይለኛል፣ በተለይ እናቱ ካረፈች። ያን ሁሉ በኤስኤስዲ ላስቀምጥ ካልኩ ካሜራዬን መሸጥ አለብኝ። ለጎተራ ሃርድ ዲስክ፣ ለመንገድና ለሥራ ኤስኤስዲ። የኔ አቋም ይኸው ነው፤ ጸሐፊው ጎተራውን አፍርሱ ያለን ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ግን ለኤስኤስዲው የምሰጠው አንድ ነጥብ አለ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ሰው ከቤቱ የወጣው እጁ የገባውን ይዞ ነው። ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰዎች ኮምፒውተር ተሸክመው አልወጡም። ከዚያ ወዲህ የማውቃቸው ባለሙያዎች ዋና ዋናውን ሥራ ኪስ በምትገባ ዲስክ ላይ ይይዛሉ፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ ሌላ ከተማ ዘመድ ቤት ያስቀምጣሉ። ትንሽነቱ ግን በዚያው ልክ ጠላቱ ነው፤ ሚኒባስ ወንበር ሥር ሾልኮ ይቀራል። የይለፍ ቃል አድርጉበት። የሰው ሚስትና ልጅ ፎቶ ያለበት ዕቃ ነው።

መብራት ነገርም አለ። ዴስክቶፕ ላይ እየገለበጣችሁ ድንገት ድርግም ሲል ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት የተደረገ ዲስክ ቶሎ ይረበሻል፤ ምን ላይ እንደነበረ የሚመዘግብበት የለውም። ዊንዶውስ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት፣ የተሻለ ይችላል። ማክ ላይም የምትሠሩ ከሆነ ኤክስፋት ግድ ነው፤ ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ፋት32ን እርሱት፣ ከአራት ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም።

የመጨረሻው ከሁሉም ያናደደኝ ነው። ጽሑፋችሁ «ገበያው ላይ 16 ቴራ ድረስ በርካሽ ይገኛል» ይላል። ወገኖቼ፣ አይገኝም! አንድ ወጣት እንዲህ ዓይነቱን ከአዲስ አበባ ገዝቶ አመጣልኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ አዎ፣ 16 ቴራ ያሳያል። ፋይል ይቀበላል፣ ስሙንም ይደረድራል። ስትከፍቱት የለም። ሽፋኑን በቢላ ፈልቅቀን ከፈትነው። ውስጡ የጥፍር ያህል ሜሞሪ ካርድ በሙጫ ተለጥፋለች፣ የቀረው ባዶ ፕላስቲክ ነው። ቺፑ ራሱን 16 ቴራ ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ሲሞላ የቀደመውን እየደፈጠጠ ይጽፋል። ልጁ ወደ ሻጩ ደወለ፤ መልሱ ግድግዳው ላይ ተጽፏል ተባለ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ደረሰኝም አልያዘም።

ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ ውሸቱን ያጋልጣል። ሊኑክስና ማክ ላይ ኤፍ3 አለ። ሰዓታት ይወስዳል፣ ይውሰድ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ወጥቶ ስንት ዓመቱ ነው፤ የንግድ ቢሮ ሰዎች ሚዛን እንደሚፈትሹት አንድ ላፕቶፕና ይህን ፕሮግራም ይዘው ሱቆቹን ቢዞሩ ምን ይላቸዋል?

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የ16 ቴራውን ነገር በሚቀጥለው እትም አርሙልን፤ ሰው ጋዜጣ ላይ አይቶ ነው የሚገዛው። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው «ወይም ደመና ላይ ጫኑት» (በኢንተርኔት አስቀምጡት ማለቱ ነው) ብሎ በአንድ መስመር ያለፈውን ያብራራልን። 200 ጊጋ በሞባይል ዳታ ጭኖ ሒሳቡን የቻለ ሰው የሚያውቅ ከሆነ ያስተዋውቀኝ።

አንባቢያችሁ፣ የቪዲዮ ባለሙያ
ከደብረ ብርሃን